ከካቦ ምስክርነት ወደ ሲቪ፦ የገዳሪፍ ሥራ ፈላጊዎች

በሱዳን ገዳሪፍ የእርሻ ሥራ ለረጅም ዘመን ወረቀት አልጠየቀም። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገላባት ተሻግሮ ለሰሊጥ አጨዳ የሚገባውን ወጣት የሚያስቀጥረው የሠራተኞች አለቃው፣ ካቦው ነው፤ «አምናም እኔ ዘንድ ነበር» ካለለት በቂ ነው። ካቦው ቦታ ሲለውጥ ግን የወጣቱ የዓመታት ድካም ምስክር ያጣል።

ወረቀት የሚጠየቅ ሌላ ሥራ ፈላጊ ግን መጣ፦ ኅዳር 2013 በዚያው በገዳሪፍ የኡምራኩባ የስደተኞች ካምፕ ከ20 ዓመት በኋላ ዳግም ተከፈተ፤ ቱናይድባህም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ከገቡት መካከል ነርሶች፣ መምህራንና መሐንዲሶች ነበሩ። ተከዜን ነፍሴ አውጪኝ ብሎ የተሻገረ ሰው ዲፕሎማውን ከየት ያምጣ? የእርዳታ ድርጅቶች ደግሞ ሲቪ ይፈልጋሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲቪውን በጠፋው ዲግሪ ባይጀምር እመርጣለሁ። ትምህርቱን አይደብቅ፤ ዩኒቨርሲቲውንና የተመረቀበትን ዓመት ጽፎ ማስረጃው እጁ ላይ እንደሌለ በግልጽ ይናገር። ከላይ መቀመጥ ያለበት ግን ቀጣሪው ዛሬ ሊያጣራው የሚችለው ሥራ ነው። «መምህር» ብቻ ብሎ ማለፍ ምንም አይነግርም። «በካምፑ ጊዜያዊ ትምህርት ቤት 3ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ 60 ናቸው፤ አስተባባሪው በዚህ ስልክ ይገኛል» ቢል ግን ቀጣሪው ደውሎ ያረጋግጣል። በሱዳን ስደተኛ ከካምፕ ወጥቶ ለመሥራት ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ ፈቃዱ ካለው እሱንም ይጥቀስ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ሌላ ዓይነት ሥራ ፈላጊ መጣ። እዚያ በሰው ቤት በመሥራት ወይም ሻይ በመሸጥ ዓመታት ያሳለፉ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ተመለሱ፤ አሠሪዎቻቸውም ተበታተኑ። የቤት ሠራተኝነትን ከሲቪ ማውጣት ትልቅ ጉዳት ነው፤ የተሠራባቸው ዓመታት ባዶ ይሆናሉ። አረብኛ መናገር፣ ለብዙ ሰው ማብሰል፣ አቅመ ደካማ መንከባከብ በሆቴልም በክሊኒክም የሚፈለግ ሙያ ነው። ከዓመተ ምሕረቱና ከሰፈሩ ስም ጋር ይጻፍ። አሠሪዋን ማግኘት ያልቻለች ሴት አብራት የሠራች ጓደኛዋን ምስክር ታድርግ።

በድንበር አካባቢ ለሚያመለክት ሰው አንድ ገጽ ይበቃል፤ በሱዳን በኩል በአረብኛና በእንግሊዝኛ፣ በመተማ በኩል በአማርኛ። በእጁ የቀሩትን ማስረጃዎች በስልክ ፎቶ አንስቶ ለራሱ ኢሜይል ይላክ፤ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ ከየትኛውም ኢንተርኔት ቤት ያወጣቸዋል።