ከወዳጅም የሚፎካከሩበት ክርክር

«ብዕር ይበልጣል ወይስ ጠመንጃ» በሚል ርዕስ ትምህርት ቤት የተከራከረ ሁሉ ጭብጨባው ለማን እንደሚደምቅ ያውቃል፤ ድምፁ ለጎላው፣ ቀልድ ጣል ላደረገው። እ.ኤ.አ. በ1981 ግላስጎው ላይ በተጀመረው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ስልቱ ብሪቲሽ ፓርላሜንታሪ ይባላል።

አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሰው ያላቸው አራት ቡድኖች ይገባሉ፤ ሁለቱ የመንግሥት፣ ሁለቱ የተቃዋሚ ወገን ናቸው። ወገን የሚደለድለው ዕጣ ነው፤ የማያምኑበትን ይዞ መሟገት ያለ ነው። ርዕሱ ከተነገረ በኋላ መዘጋጃው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ማየት ክልክል፣ አሠልጣኝ ማማከርም ክልክል። ከዚያ ወገኖቹ እየተፈራረቁ ስምንቱም 7፣ 7 ደቂቃ ይናገራሉ። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በቀር ተቃራኒው ወገን ብድግ ብሎ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። ተናጋሪው በእጁ ምልክት ያስቀምጠዋል፣ ወይም 15 ሰከንድ ይሰጠዋል። አንዱንም ያልተቀበለ የፈራ ይመስላል፤ ሁሉንም ያስተናገደ ሰዓቱ ያልቅበታል።

ፈተናው የሚከብደው ከየወገኑ ሁለተኛ ለሚናገረው፣ ለመዝጊያው ቡድን ነው። ርዕሱ «ይህ ምክር ቤት የግል መኪና መሃል ከተማ እንዳይገባ ያግዳል» ነው እንበል። የመክፈቻው ቡድን መጨናነቁንም ጭሱንም ተናግሮ ጨርሶታል። ያንኑ መድገም ነጥብ አያስገኝም፤ የወገንን ሐሳብ ማፍረስ ደግሞ በተከራካሪዎቹ ቋንቋ ጩቤ መሰካት ነው፣ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ አዲስ በር ይፈለጋል፦ መንገዱ በሁሉም ግብር ተሠርቶ ሳለ ቦታውን የያዙት መኪና ያላቸው ጥቂቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ ነጥብ ከጭሱ ለምን እንደሚከብድም ማሳየት ግድ ነው፤ ዳኞች ቡድኖቹን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ደረጃ አውጥተው 3፣ 2፣ 1 እና 0 ነጥብ ስለሚሰጡ አብሮ የቆመው ወዳጅም መበለጥ አለበት።

የኛ በላ ልበልሃ ተሟጋች እዚህ ቢገባ በለዛው ይወደድ ነበር፤ ግን ዳኛው በልቡ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ዳኛው በደንቡ ራሱን ጋዜጣ አዘውትሮ እንደሚያነብ፣ የዘርፉ ባለሙያ እንዳልሆነ አስተዋይ ዜጋ ይቆጥራል፤ ያልተብራራለትን አይሞላም።

እንደኔ የውድድሩ ትልቁ ትምህርት ከክርክሩ በኋላ ነው፤ ዳኞች ደረጃውን ከነምክንያቱ ፊት ለፊት ያስረዳሉ። ከ9ኙ የማጣሪያ ዙሮች በመጨረሻዎቹ 3 ግን ውጤት አይነገርም፤ ቡድኖቹ ወደ ጥሎ ማለፉ ያለፉት እስኪታወጁ ድረስ ነጥባቸውን በግምት እየደመሩ ይጠብቃሉ።