በሐምሌ የተተከለ በጥር ይቆጠር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በየአጥቢያችን አንድ ዐይነት ማስታወቂያ እንሰማለን። ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት ወይም አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ይነሣና ዘንድሮም ችግኝ እንደሚተከል፣ ዶማና አካፋ ያለው ይዞ እንዲመጣ ያሳስባል። በተባለው ቀን ምእመናን ይሰበሰባሉ፤ ወጣቶች ይቆፍራሉ፤ እናቶች ችግኝ ያቀብላሉ፤ ጸሎት ተደርጎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደየቤት ይገባል። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን በጥር ወር ለጥምቀት ስንዘጋጅ ወደዚያው ስፍራ ተመልሰን ብንመለከት ብዙ ጊዜ የምናገኘው ደረቅ እንጨትና ባዶ ጉድጓድ ነው።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኛም በድሬዳዋ በአንድ አጥቢያ ስናገለግል ሁለት ዓመት በተከታታይ በዚያው ጉድጓድ አዲስ ችግኝ ተክለናል። በመጀመሪያው ዓመት ከተከልናቸው ለጥምቀት የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንዳንዶቹን ፍየል በላቸው፤ አንዳንዶቹ ከነፕላስቲካቸው በመተከላቸው ሥራቸው ታፍኖ ቀረ፤ የቀሩትን ከመስከረም በኋላ ውኃ እንዲያጠጣ የተመደበ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ዶማችንን ይዘን ስንመጣ የደብሩ ዘበኛ፣ አንድ አረጋዊ አባት፣ «ልጆቼ፣ የዘንድሮውንስ ለማን አደራ ሰጥታችሁ ልትሄዱ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ የእርሳቸውን ጥያቄ ለመመለስ የተዘጋጀ ነው።

ሁለቱ የአዳም ሥራዎች

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ባስቀመጠው ጊዜ የሰጠው ሥራ አንድ ብቻ አልነበረም። ምድሪቱን እንዲያለማት አዘዘው፤ ከዚሁ ጋር እንዲጠብቃት አዘዘው (ዘፍ. 2፥15)። ሁለቱ በአንድ ትእዛዝ የተሰጡ ናቸው። እኛ ግን የመጀመሪያውን በአንድ ቀን ፈጽመን ሁለተኛውን እንተወዋለን።

አባታችን አብርሃም በደረቁ የቤርሳቤህ ምድር ዛፍ እንደ ተከለ ተጽፏል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ከአቢሜሌክ ጋር ተነጋግሮ ቃል ኪዳን አድርጎ ነበር (ዘፍ. 21፥25-33)። አስቀድሞ ውኃው፣ ከዚያ ዛፉ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ለምንኖር ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ትምህርት ነው።

ጌታችን በወንጌል ስለ በለሲቱ ባስተማረው ምሳሌም ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ባጣባት ጊዜ እንድትቆረጥ አዘዘ። አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት እንድትታገሥ ለመነላት፤ ዙሪያዋን ሊቆፍርና ፍግ ሊያፈስስባት ቃል ገባ (ሉቃ. 13፥6-9)። ሊቃውንት ይህን ስለ ንስሓ ዕድሜ ይተረጕሙታል። ምሳሌው የተወሰደበት የአትክልተኛው ሥራ ራሱ ግን ትዕግሥትን የሚጠይቅ፣ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የሚተክለውንና የሚያጠጣውን ለይቶ ጠርቶ የሚያሳድገው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይነግረናል (1ኛ ቆሮ. 3፥6-7)። እግዚአብሔር ያሳድጋል ብለን የሚያጠጣውን ሰው መርሳት ግን እምነት አይባልም፤ ስንፍና ነው።

የድሬዳዋ ክረምት

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ዝናሟ በሁለት ወቅት ይመጣል፤ አንዱ በበልግ፣ ሌላው ከሐምሌ ጀምሮ ባሉት የክረምት ወራት ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ግንቦትና ሰኔ እጅግ ያቃጥላሉ። ከመስከረም በኋላም ረጅም ደረቅ ጊዜ ይከተላል። ስለዚህ በደጋው አገር ክረምት ላይ ተተክሎ በራሱ የሚጸድቅ ችግኝ በእኛ ዘንድ ያለ ጠባቂ ወደ በጋ አይሻገርም።

የዛፍ እጦት በዚህች ከተማ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከላይ ከተራራማው አካባቢ የወረደው ጎርፍ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በተኙበት ወሰደ፤ ብዙዎችን ቤት አልባ አደረገ። ከቁልቢ ገብርኤል የሐምሌ ንግሥ በ10ኛው ቀን ሌሊት ነበር። ወደ ቁልቢ ለመሳለም በደንገጎ ዳገት የምንወጣ ሁሉ በመኪናው መስኮት የምናያቸው የተራቆቱ ተዳፋቶች ዝናሙን ሳያቆዩ ወደ ከተማዋ የሚለቅቁ ናቸው። ዛፍ ብቻውን ጎርፍን አያስቆምም፤ እርከን፣ የውኃ መቀልበሻና ከወንዝ ዳር የራቀ አሠፋፈር ያስፈልጋል። ነገር ግን ሥር የሰደደበት አፈር ውኃን ይጠጣል፤ የተራቆተ አፈር ግን ከውኃው ጋር አብሮ ይሄዳል።

በአንጻሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰው ባቡር ጋር በተቆረቆረችው ከተማ፣ በከዚራ መንገዶች ግራና ቀኝ የቆሙት ዛፎች ዛሬም ለሁላችን ጥላ ናቸው። ከሥራቸው የሚያርፈው መንገደኛ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ዛፉ አይጠይቅም። የተከሏቸውን ሰዎች ስም አናውቅም፤ ጥላቸውን ግን እንጠቀማለን።

ምን እንትከል? የትስ?

ጽድ፣ ወይራና ዝግባ የአብያተ ክርስቲያናት ጌጥ ስለ ሆኑ ብዙዎቻችን እነርሱን እንመኛለን። የደጋና የወይና ደጋ ዛፎች ስለ ሆኑ ግን በድሬዳዋ ሙቀት ይቸገራሉ። ለቆላው የተስማሙትን እንምረጥ፤ ለጥላ ኒም፣ ሮቃና ግራር፤ ለምግብም ለጥላም ቁርቁራና ሽፈራው፤ ውኃ በቅርብ በሚገኝበት ደግሞ ማንጎ፣ ዘይቱንና ጊሽጣ። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ በቶሎ ስለሚያድግ ሊያታልለን ይችላል፤ በአፋርና በአካባቢያችን የግጦሽ መሬትን እንዴት እንደ ወረረ ስለምናውቅ እርሱን ከመትከል እንቆጠብ።

ቦታውን ስንመርጥ የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን እናማክር። ታቦት የሚዞርበትን ዑደት፣ ለበዓል ድንኳን የሚተከልበትን ሜዳና የመቃብር ስፍራውን መተው ይገባል። ትልልቅ የሚሆኑ ዛፎችም ከቤተ መቅደሱ ግድግዳ፣ ከውኃ መስመርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቁ። ከ10 ዓመት በኋላ ለመቁረጥ ዛሬ መትከል ድካሙን ከንቱ ያደርጋል።

ከሰኔ ሚካኤል እስከ ጥምቀት

የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቈጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በዓላቱን ስለማንረሳቸው ሥራውን ከእነርሱ ጋር ብናያይዘው ሥራውንም አንረሳውም።

*እስከ ሰኔ 12፣ ቅዱስ ሚካኤል።* ጉድጓዱ ዝናሙ ሳይመጣ ይቆፈር። ስፋቱም ጥልቀቱም ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የላዩ ለም አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከላዩ አፈር ጋር ይደባለቅ። በችግኝ ጣቢያ ጥላ ሥር የቆዩ ችግኞችም ቀስ በቀስ ፀሐይ እንዲለምዱ ይደረግ።

*ከሐምሌ መግቢያ እስከ ሐምሌ 19፣ ቅዱስ ገብርኤል።* አፈሩ ወደ ታች ከራሰ በኋላ ይተከል። አንድ ቀን ዝናም ስለ ጣለ ብቻ አንቸኩል። ፀሐይ ሲበርድ ወይም ደመና በሆነ ቀን፣ ፕላስቲኩን በጥንቃቄ ቀድደን አውጥተን፣ ሥሩን የያዘው አፈር ሳይፈርስ እንትከል። ግንዱ በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር። በተዳፋት ላይ ከችግኙ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አፈር ብንከምር የወረደውን ዝናም ይይዝለታል።

*ጾመ ፍልሰታ።* ከነሐሴ 1 ጀምሮ በየዕለቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንመላለሳለን። ከቅዳሴ በፊት ባለው ጊዜ አረም ማረም፣ የዘነበለውን ማቅናት፣ አጥሩን መመልከት ይቻላል።

*መስቀል።* ከመስከረም 17 በፊት ዝናሙ ሳያልቅ የችግኙ ዙሪያ በደረቅ ሣርና ቅጠል ይጎዝጎዝ፤ እርጥበቱን ያቆየዋል። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ፤ አለዚያ ምስጥ ይጠራል።

*ከመስከረም 26 በኋላ።* ዘመነ ክረምት መስከረም 25 ቀን ተፈጽሞ በማግስቱ ዘመነ ጽጌ ይገባል። የማጠጣት ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት 2 ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሊትር ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ይሻላል፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ወደ ጥልቅ ይወርዳልና። የድሬዳዋ ውኃ በአብዛኛው ከከርሰ ምድር የሚቀዳ ስለ ሆነ ልንቆጥበው ይገባል። እያንዳንዱ ቤተሰብ እሑድ ለቅዳሴ ሲመጣ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ውኃ ቢይዝ አምስት ቤተሰብ አንድ ችግኝ በደንብ ያጠጣል። ባዶውን ሃይላንድ ደግሞ ከሥሩ በመርፌ ቀዳድተን ከችግኙ አጠገብ ብንቀብረው የሞላነውን ውኃ በዝግታ ያንጠባጥባል።

*ጥር 11፣ ጥምቀት።* በዚህ ቀን እንቁጠር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በሀገራችን እንደ ተተከለ በመንግሥት ተገልጿል። የተተከለው ቁጥር በዚያው ዕለት ማታ ይታወቃል፤ የጸደቀውን ለማወቅ ግን ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። አጥቢያችንም ለምእመናን ሪፖርት ሲያቀርብ የሐምሌውን ሳይሆን የጥሩን ቁጥር ያቅርብ። የሞተውን ቁጥር መናገር አያሳፍርም፤ ምክንያቱን አውቀን በበልግ ዝናም እንተካዋለን።

አጥርና አደራ

በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናትን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ብዙዎቻችን በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የምናውቃቸው፣ ከብት እንዳይገባ በታጠረ ስፍራ የሚበቅሉ ችግኞች ካልታጠረው ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እንደሚሰፋ በጥናታቸው አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ ደኖቻቸውን አጥረዋል። ሊቃውንቱና ገበሬው አብረው የሠሩት ቀላል ሥራ ነው። በድሬዳዋም ድንጋይ አልጠፋም፤ እሾህም ሞልቷል። ፍየል በነጻ በሚመላለስበት ከተማ ያለ አጥር የተተከለ ችግኝ ለፍየል የተዘጋጀ ማዕድ ነው።

ከአጥር በላይ ግን የሚያስፈልገው ስም ነው። እያንዳንዱ ችግኝ ለአንድ ቤተሰብ፣ ለአንድ ጽዋ ማኅበር ወይም ለአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል በአደራ ይሰጥ፤ በመዝገብም ይስፈር። ሁሉም የተከለው ዛፍ የማንም አይሆንም፤ ስም ያለው ዛፍ ግን ጠያቂ አለው። አደራውም የአንድ በጋ ብቻ አይሁን፤ ሥሩ ጠልቆ ራሱን እስኪችል ሁለትና ሦስት ዓመት ይጠበቅ።

እኛ ከዚያ አረጋዊ ጥያቄ በኋላ የተከልነው ከቀድሞው ያነሰ ነበር፤ ልንጠብቀው በምንችለው ልክ ብቻ ተከልን። ጥምቀት ሲደርስ ግን የቆመው ከቀደሙት ሁለት ዓመታት ይበልጥ ነበር። እርሳቸውም በየማለዳው እየዞሩ ያዩት ነበር።

ውድ ምእመናን፣ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ ዘወትር ትጸልያለች። እግዚአብሔር ዝናሙን ሲሰጠን የሚቀበለው ጉድጓድ፣ ዝናሙም ሲያልፍ የሚያጠጣ እጅ እንዲያገኝ እንትጋ። ዘንድሮ ዶማ ከማንሣታችን በፊት «ለማን አደራ እንሰጠዋለን?» የሚለውን እንመልስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።