ወደ ወንጪ ሐይቅ፣ በጭቃው መሃል

ወለጋ፣ ኪራሙ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ስለ ጭቃ አስተማሪ እንደማያስፈልጋችሁ አውቃለሁ። ክረምት ገብቶ ቀዩ አፈር ከራሰ በኋላ የት እንደሚረገጥና የት እንደማይረገጥ እግራችሁ በልጅነቱ ተምሮታል። ግን ተሰባስባችሁ ወንጪ ሐይቅ ለመውረድ አስባችኋልና፣ ከመነሣታችሁ በፊት ስለ ጭቃውም ስለ ውሃውም የማውቀውን ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከእናንተው አፈር ልጀምር። የወለጋ አፈር ለምን ቀላ? ባዛልት በሚባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲወርድ በቀላሉ የሚሟሟው ማዕድን እየታጠበ ሄደ። ብረቱ ግን ቀረ፤ ቀርቶም ዛገ። የምታዩት ቅላት ዝገት ነው። ከዝገቱ ጋር የቀረው ሸክላ ቅንጣቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ውፍረቱን ተዉትና ስፋቱ ራሱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አምስት መቶኛ እጅ ያንሳል። በመካከሉ ውሃ ሲገባ እንደ ተደራረበ እርጥብ ሳህን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ቀዩ ጭቃ ሰውን የሚጥለው በዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ መጥቶ አምቦ የሚቀላቀላችሁ ጓደኛ ካለ ደግሞ በጊንጪ በኩል ሲያልፍ ሌላ ጠባይ ያለው አፈር ያያል፤ ጥቁሩን ዋልካ። የዋልካ ሸክላ ውሃውን ወደ ውስጡ ስቦ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቀዩ ያንሸራትታል፣ ጥቁሩ ጫማ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቀዩን እመርጣለሁ፤ መውደቅ ቢኖርም ጫማ ጥሎ መሄድ የለም።

አሁን ወደ መንገዱ። ነቀምትን ለቃችሁ በባኮ፣ በጌዶና በጉደር አድርጋችሁ አምቦ ስትገቡ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ትጓዛላችሁ። አምቦ እደሩ። ወንጪ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ጠዋት በማለዳ ተነሥታችሁ ቀኑን ሙሉ በእግር ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ይህን ለኪራሙ ሰው መንገር ድፍረት ነው።

ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርሱ ከ3300 ሜትር በላይ ከፍ ብላችኋል። አየሩ ስስ ነው፣ ደረታችሁ ትንሽ ቢጨናነቅ አትደንግጡ። ሐይቁ ከእግራችሁ ሥር በጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል። ጉድጓዱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፦ ከሥር ያለው ቀልጦ የነበረ ዓለት ፈንድቶ ሲወጣ ቦታው ባዶ ቀረ፣ ጣሪያውም ወደ ውስጥ ተደረመሰ፣ ከዚያ ዝናቡ ሞላው። እሳቱ ጨርሶ እንዳልበረደ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሸለቆው ውስጥ ፍል ውሃ አለ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከወንጪ አጠገብ ደንዲ የሚባል ሌላ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አለ። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፣ ዝናቡም ያው ዝናብ ነው። የደንዲ ውሃ በሁሉቃ ወንዝ ወደ አምቦ ይወርዳል፣ ከጉደር ጋር ሆኖ ዓባይ ይገባል። የወንጪው ግን በዋልጋ ወንዝ በኩል ወደ ጊቤ፣ ከጊቤ ወደ ኦሞ ይሄድና ቱርካና ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። አንዱ ሜዲትራኒያን ድረስ፣ ሌላው ኬንያ ድንበር! እናንተ ደግሞ ዓባይ የሚያልፍበት ሸለቆ አፋፍ ላይ ስለሆናችሁ፣ በወረዳችሁ ወሰን ከሚያልፈው ውሃ ውስጥ የደንዲም ድርሻ አለበት። የወንጪው ጠብታ ግን አይደርሳችሁም። እሱን ለማየት ነው እንግዲህ መሄድ ያለባችሁ።

ቁልቁለቱ በኮሶና በአስታ ዛፎች፣ በእንሰት ጓሮዎችም መካከል ያልፋል። በክረምት ጠዋት ውረዱ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፤ ዝናቡም ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሽቅቡን ዝናብ ሳይዛችሁ ጨርሱት። ታች ስትደርሱ በጀልባ ደሴቲቱ ላይ ወዳለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን መሻገር ይቻላል። ስትገቡ ጫማ ይወለቃልና ንጹሕ ካልሲ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። የደከመው ሰው ሲመለስ የአካባቢው ሰዎች የሚያከራዩት ፈረስ አለ፤ ማንም በዚህ አይስቅበት።

ጫማን በተመለከተ፦ ስኒከር አታድርጉ። ጥርስ ያለው ቦት ጫማ ካላችሁ መልካም፤ ከሌላችሁ ገበሬው የሚያደርገው ኮንጎ ከስኒከር ይሻላል፤ ውሃ ቢገባበትም ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። እርምጃ አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን አለስልሱ፣ ክብደታችሁን ተረከዝ ላይ አትጣሉ። ከመካከላችሁ ቀርፋፋው ፊት ይምራ፣ መንገድ የሚያውቀው ከኋላ ይሁን። ፈጣኑ ሲመራ ሰልፉ ይበጠሳል፤ ኋላ የቀረውም ለመድረስ ሲሮጥ ይወድቃል።

ዋናውን ያቆየሁት ለመጨረሻ ነው። ጭቃ ስታዩ በዳሩ አትዙሩ። ሃያ ሰው ሆናችሁ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጭቃውን ሸሽቶ ሣሩን ይረግጣል፤ አሥረኛው ሲደርስ ሣሩም ጭቃ ሆኗል፣ እሱ ደግሞ ከዚያ ይርቃል። መንገዱ በዚህ ይሰፋል። የሣሩ ሥር ይዞት የነበረው አፈር ይላቀቃል፣ ጎርፉ የረገጣችሁትን ተከትሎ ይወርዳል፣ በሁለትና በሦስት ክረምት ውስጥ ቦይ ይቆፍራል። ታች ያለው የገበሬ ማሳ ነው፤ ከማሳው ቀጥሎ ሐይቁ። ገበሬው በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ውሃ ጉልበት ሳያበጅ ወደ ጎን እንዲሄድ ነው፤ እኛ በእግራችን ተቃራኒውን እንሠራለን። በተለይ ወንጪ በ2012 ዓ.ም. መገባደጃ ይፋ በሆነው በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከተካተተ ወዲህ የታወቀ ቦታ ነውና እግሩም በዝቷል።

ስለዚህ መሃሉን ርገጡ። ጫማ ይታጠባል። ለመደገፊያ የሚሆን ዱላም ከጫካው አትቁረጡ፤ ከኪራሙ ይዛችሁ ሂዱ።