መንገድ የጠፋባቸው ገጾች

እዚህ ቤሩት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን የድረ ገጽ አሠራር ኮርስ እንደሚሰጥ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ በሰላም ሄደ። አርእስት መጻፍ፣ አንቀጽ መክፈትና መዝጋት፣ ፎቶ ማስገባት ማንንም አልከበደም። አንዱን ገጽ ከሌላው የሚያገናኘውን ማውጫ መሥራት ሲጀመር ግን ወንበሮች ባዶ ሆኑ። እኛም ድካም ነው ብለን አለፍነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ የዋለች እሑድ ብትተኛ ማን ይፈርድባታል?

ነገሩ ሌላ ነበር። ከቀሩት አንዷን በር ላይ አግኝተን ብንጠይቃት «ላፕቶፑን ያበላሸሁት መስሎኝ አፍሬ ነው» አለችን። ይህች እኅት ውሏ ሲያልቅ ደሴ ተመልሳ ከእናቷ ጋር የባልትና ሥራ ለመጀመር ያሰበች ናት። ሦስት ገጽ ሠርታለች፤ አንዱ የሽሮ፣ አንዱ የበርበሬ፣ አንዱ የዋጋ። እያንዳንዱ ለብቻው ይከፈታል። ከሽሮው ወደ ዋጋው ለመሄድ ስትጫን ግን ፋይሉ አልተገኘም ይላታል። ለዚህ ብላ ልትተወው ነበር።

ስለዚህ የማጠናከሪያ ትምህርት ለማዘጋጀት ተነሣን። የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። ያልገባቸውን ምዕራፍ እንዳለ መልሰን በግድግዳ ላይ አሳየናቸው። በመካከሉ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ቶሎ አልተነሣም። ወረቀትና እርሳስ ያወጣነው ያን ጊዜ ነው። «እስኪ የምትሠሩበትን ቤት ሣሉልን» አልናቸው።

ቤት የሚያውቅ እንደ እናንተ የለም። ፎልደር ማለት ክፍል ነው፤ ፋይል ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። መኝታ ቤት የቆመች ልጅ ድስት አምጪ ብትባል መጀመሪያ ወደ ኮሪደር ትወጣለች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ትገባለች። በሊንክ ውስጥ የሚጻፉት ሁለት ነጥብና ስላሽ «ከዚህ ክፍል ውጪ» ማለት ናቸው። ቀጥሎ የሚገባበት ክፍል ስም፣ ሌላ ስላሽ፣ በመጨረሻም የዕቃው ስም ይጻፋል። የደሴዋ እኅታችን የዋጋውን ገጽ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣ ስሙን ብቻ ነበር የጻፈችው። ኮምፒዩተሩም ሽሮው ባለበት ክፍል ፈልጎ አጣው። ወረቀቱ ላይ በጣቷ እየሄደች ራሷ አገኘችው፤ ሣቀችም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል በፋይል ስም ላይ ለውጥ አያመጣም። ድረ ገጾች የሚቀመጡባቸው አብዛኞቹ ሰርቨሮች ግን በሊኑክስ ስለሚሠሩ ይለዩአቸዋል። እዚህ በደንብ የሠራው ሊንክ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ የሚሰበረው በዚህ ነው። ሁሉንም በትንሹ ፊደል፣ ያለ ባዶ ቦታ ጻፉ። ማውጫውን «ናቭ» በሚባለው ምልክት ውስጥ አድርጉ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 ደረጃው ከጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ጋር የመጣ ነው፤ ገጹን በድምፅ ለሚያስነብቡ ዓይነ ሥውራንም ማውጫው የት እንዳለ ይጠቁማል።

ድርን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን የምርምር ማዕከል ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ ካነሣቸው ችግሮች አንዱ ሠራተኞች ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ሲሄዱ የሚያውቁት ነገር አብሮ መጥፋቱ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቶ መሄድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

አሁን የያዝነው አካሄድ ይህ ነው። ዕረፍታችሁ በየሳምንቱ ስላልሆነ አንዱን ትምህርት በተከታታይ ሁለት እሑድ እንደግመዋለን። ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ ነው፤ ማዳሞች ከመደወላቸው በፊት እንድትደርሱ። በአንድ ላፕቶፕ ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ የምትጽፈዋ ያልገባት ናት እንጂ የገባት አይደለችም። (ይህን ደንብ ለማስከበር ብዙ ተቸግረናል።) ለልምምድ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ጽሑፍ መጻፊያና ብራውዘር ይበቃል። በመካከለኛው ሳምንት ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ መልእክት በዋትስአፕ እንልካለን፤ እየተኮሳችሁ የምትሰሙት ነው። ስልካችሁ ማዳም ዘንድ የሚቀመጥባችሁ ደግሞ እሑድ በወረቀት ትወስዳላችሁ።

አደራ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ የፓስፖርታችሁን ፎቶ፣ የአሠሪያችሁን ስምና አድራሻ ወይም ቤት ውስጥ የተነሣችሁትን ሥዕል ገጹ ላይ አታውጡ።

የደሴዋን ገጽ ወንድሟ በስልኩ ከፍቶ አይቶታል። ማውጫው በትልቁ ስክሪን በአንድ መስመር ያምር የነበረው በስልኩ ተጨናንቆ «ዋጋ» የሚለው ከዳር ተቆርጧል። በሚቀጥሉት ሁለት እሑዶች የምንሠራው እርሱን ነው። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ የቀራችሁትም ኑ፣ ላፕቶፑ አልተበላሸም።