የሰመራው ጉድጓድ ባሕር ገባ

ሰመራ ነው፤ ከቀትር በኋላ። ውጭው ይፋጃል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ቬንትሌተር ያንኑ የጋለ አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል። በሎጊያና በዱብቲ ዙሪያ ሦስት ቀን ተንከራተን በእጅ ጂፒኤስ የለቀምናቸውን የውኃ ጉድጓዶች ቦታ ኤክሴል ላይ ጽፌ ጨረስኩና ካርታው ላይ እንዲወጡ አዘዝኩ። ሃያ ሦስት ጉድጓድ ነበር። ሃያ ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ አንዱ የለም። ካርታውን እያራቅሁ፣ እያራቅሁ ብፈልገው ቀይ ባሕርን ትቶ፣ ግብፅን ተሻግሮ፣ ከሮም በስተደቡብ ምዕራብ ባሕር መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። አብሮን የሰነበተው ሾፌር ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ አየና፣ «እንዲህ ከሆነስ ውኃው አያልቅበትም» አለ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰመራ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11.79 ዲግሪ፣ ከግሪንዊች ወደ ምሥራቅ 41 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። እኔ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ሁለቱን ቁጥሮች አለዋውጬ ጻፍኳቸው። ኮምፒውተሩ አልተቃወመም፤ ለእሱ 41 ሰሜን፣ 11.79 ምሥራቅም የታወቀ አድራሻ ነው፤ የቲሬኒያን ባሕር። በኋላ ለጨዋታ ያህል አዋሽ ሰባት ኪሎንም ገልብጬ ሞከርኳት፤ እሷ ደግሞ ሰርዲኒያ ደሴት መሃል አረፈች። የአፋር ምድር ሲገለበጥ ጣሊያን ደጃፍ መውደቁ የጂኦግራፊ ቀልድ ነው፤ በዚያን ቀን ግን አላሳቀኝም።

የእጅ ጂፒኤስን ከኮምፒውተር ካርታ ጋር ስለማገናኘት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ኬብሉ ነው። የት ይገዛል፣ የትኛው ቀዳዳ ላይ ይሰካል ይላል። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ጣጣ ስለ ፍጥነት ይመስለኝ ነበር፤ ሃያ ሦስት ነጥብ በእጅ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብዬ ኬብሉን ቦርሳ ውስጥ ተውኩት። ለመሆኑ ይህ መሣሪያ የሚያውቀው ምንድን ነው፤ ለኮምፒውተሩስ የሚነግረው ምኑን ነው?

መሣሪያውን ላላየ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ አቧራና ውኃ የሚችል፣ አብዛኛው በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነገር ነው። ፊልድ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ «ጋርሚን» ይለዋል። ስሙ የመጣው ጋሪ በሬልና ሚን ካዎ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1989 ካቋቋሙት ኩባንያ ነው፤ ጋሪና ሚን ተገጣጥመው ጋርሚን ሆኑ። ስልክ እያለ ለምን ይያዛል ለሚል ሰው አፋር ላይ አንድ ቀን መዋል ይበቃዋል። ስልኩ በሙቀት ይዘጋል፤ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ አይታይም፤ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ሩቅ ነው። የዚህኛው ድንጋይ ሲያልቅ ከመንገድ ዳር ሱቅ ገዝቶ መቀየር ነው።

ብዙ ሰው ጂፒኤስ ሳተላይቱን ጠርቶ የሚያናግረው ይመስለዋል። መሣሪያው ግን ሰሚ ብቻ ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች «እኔ እገሌ ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ነው፤ ሰዓቱ ይህ ነው» እያሉ ያለማቋረጥ ይለፍፋሉ። መሣሪያው የሚሠራው ልፈፋው ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ማስላት ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ይጓዛልና ቅንጣት የሰዓት ስህተት ሰውን ከቦታው ያንሸራትታል። ስለዚህ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ርካሽ ሰዓት ለማረም። እስከ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚለቀቀውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ገላጣ ሰማይ ሥር ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው።

ለገላጣ ሰማይ ደግሞ አፋርን የሚያህል የለም። ከገዋኔ ወዲያ ባለው ሜዳ መሣሪያው ብዙ ሳተላይት ባንዴ ይሰማል። የሚቸገረው የአዋሽ ወንዝ አዋሽ ከተማ አጠገብ በገባበት ገደል ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ግማሹን ሰማይ ይጋርደዋል። ለወራት ተዘግቶ የተቀመጠ መሣሪያ ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣ ሰውም ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ የሳተላይቶቹን ሙሉ ማውጫ ሰምቶ ለመጨረስ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ጡሩምባ እየነፋም ቢሆን መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ኬብሉ። የድሮዎቹ መሣሪያዎች የሚገናኙት በባለ ዘጠኝ ፒን ሲሪያል ገመድ ነበር። የዛሬ ላፕቶፕ ያ ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ማገናኛ ይገዛል፤ ማገናኛው ድራይቨር ይጠይቃል፤ ድራይቨሩ ሲጫን ኮምፒውተሩ ኮም 3 ወይም ኮም 7 የሚል የበር ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያ ቁጥር ለካርታ ሶፍትዌሩ ካልተነገረው ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ይህም ሆኖ የቋንቋ ጉዳይ ይቀራል። በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ «ኢንተርፌስ» የሚል ገጽ አለ። እዚያ «ጋርሚን» ከተመረጠ መሣሪያው ያጠራቀመውን ነጥብ ያስረክባል። «ኤንኤምኢኤ» ከተመረጠ ደግሞ አሁን ያለበትን ቦታ በየቅጽበቱ ይናገራል፤ መኪናው ሲሄድ ላፕቶፑ ካርታ ላይ ያለችው ምልክትም አብራ ትሄዳለች።

ኤንኤምኢኤ የአሜሪካ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር ለመርከቦች ያወጣው ቋንቋ ነው። ባሕር በሌለበት አፋር፣ ላንድክሩዘር ውስጥ ይነገራል። ፍጥነቱ በመደበኛው በሰከንድ 4,800 ቢት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በፍጥነቱ ካልተስማሙ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዝብርቅርቅ ፊደል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በዶላር ምልክት ይጀምራል፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የተሰሙት ሳተላይቶች ብዛት በነጠላ ሰረዝ እየተለዩ ይደረደራሉ፤ መጨረሻ ላይ ከኮከብ ምልክት ቀጥሎ ማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል። ሰሚው ያንን ቁጥር ራሱ አስልቶ ካልገጠመለት ዓረፍተ ነገሩን ይጥለዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። 11 ዲግሪ ከ47.5 ደቂቃ እዚህ ላይ 1147.5 ተብሎ ተጣብቆ ነው የሚጻፈው። ሶፍትዌሩ ይህንን ያውቃል። ሰው ግን ከስክሪን ላይ አይቶ 11.475 ብሎ ከገለበጠው ሰመራን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወሰዳት ማለት ነው፤ ትክክለኛው 11.79 ነውና።

አፋሮች ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው ብቻ አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው? ተናጋሪው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ይለያል፤ ምክንያቱም ሰሚው በዚያ ወሬ ከብቱን ይዞ ይነሳል። ጂፒኤስና ኮምፒውተር በኬብል ሲገናኙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው የሚመስለኝ። ቁጥሩ ብቻውን አይመጣም፤ መቼ እንደተወሰደ፣ በምን መለኪያ እንደተጻፈ፣ የትኛው ሰሜን የትኛው ምሥራቅ እንደሆነ ይዞ ይመጣል። እኔ ማስታወሻ ደብተር ላይ የገለበጥኩት ቁጥር ግን ማን እንዳወራው የማይታወቅ አሉባልታ ነበር።

አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ጣጣውን አሳጥረውታል። በዩኤስቢ ሲሰኩ ልክ እንደ ፍላሽ ይከፈታሉ። ውስጥ ገብቶ «ጋርሚን» የሚለውን ፎልደር፣ ከዚያ «ጂፒኤክስ» የሚለውን መክፈት ነው፤ ነጥቦቹና የተሄደበት መንገድ እዚያ ፋይል ሆነው ተቀምጠዋል። ፋይሉን ጎትቶ ኪውጂአይኤስ ላይ መጣል ይበቃል። ኪውጂአይኤስ ጋሪ ሸርማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ነው፤ ፈቃድ መግዣ ለሌለው ቢሮ ትልቅ በረከት ነው። ለድሮዎቹ መሣሪያዎች የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በነፃ ያሰራጨው ዲኤንአርጂፒኤስ እና ጂፒኤስባቤል የተባለው ቋንቋ አስተርጓሚ አሉ።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። በአገራችን የቆዩት ባለ 1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳታም ነው። ዳታም ማለት የምድርን ቅርጽና የመለኪያውን መነሻ የሚወስን ስምምነት ነው፤ አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ፣ በናይል ዳር ካለ የልኬት መነሻ ስሙን ወስዷል። ጂፒኤስ ደግሞ በተፈጥሮው የሚያስበው ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ነው። አንድ ጉድጓድ በሁለቱ ሲጻፍ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይወጣዋል። በአዋሽና በሰመራ ግድም ልዩነቱ በሜትር ሲሰላ ወደ ሰሜን 205፣ ወደ ምሥራቅ 100 ያህል ነው፤ በጠቅላላው 230 ሜትር ገደማ። ወረቀቱ ካርታ ላይ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ናት፤ የጣት ጥፍር አትሞላም። ሜዳ ላይ ግን ቆፋሪ ማሽን ጭኖ የመጣ መኪና የሚቆምበትን ቦታ ትቀይራለች።

ብዙ ባለሙያ ከወረቀት ካርታው ጋር እንዲገጥምለት መሣሪያውን አዲንዳን ላይ ያደርገዋል፤ ደግ አደረገ። ችግሩ ቁጥሩን ከስክሪን ገልብጦ ለሌላ ሰው ሲልክ ነው። ተቀባዩ የሳተላይት ምስል ላይ ሲያሰፍረው ነጥቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸርተት ይላል። አሚባራ አካባቢ የተስፋፋውን ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ ከሳተላይት ምስል ለመለየት የሚሞክር ሰው ምን እንደሚደርስበት አስቡ። የላንድሳት ምስል አንዷ ነጠብጣብ 30 ሜትር ናት፤ 230 ሜትር ማለት ሰባት ስምንት ነጠብጣብ ነው። ባዶውን መሬት ዛፍ ነው፣ ዛፉን ባዶ መሬት ነው ብሎ ኮምፒውተሩን ያስተምረዋል። በኬብል የወረደ የጂፒኤክስ ፋይል ግን እዚህ ስህተት ውስጥ አይገባም። ስክሪኑ ላይ አዲንዳን ይታይ፣ ሌላም ይታይ፣ ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ሁልጊዜ ደብልዩጂኤስ 84፣ ሁልጊዜ በአስርዮሽ ዲግሪ ነው። የኬብሉ ዋጋ ይህ ነው። ፍጥነቱ ምርቃት ነው።

ዞኑንም ላንሳ። በሜትር መለካት የፈለገ ሰው ዩቲኤም የሚባለውን ፍርግርግ ይጠቀማል፤ አዋሽም ሰመራም ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ባለው ዞን 37 ውስጥ ናቸው። ሐረር ግን 38 ውስጥ ገብታለች። ሐረር ሠርቶ የመጣ ሰው ሶፍትዌሩን ሳይቀይር የሰመራን ቁጥር ካስገባ ጉድጓዱ 650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሄዶ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይገባል። ዳግመኛ ባሕር።

አፋር ላይ ነጥብ የሚወስድ ሰው መሬቱም ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ቢያውቅ አይጎዳውም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ዳባሁ ተራራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ያለው ምድር በተደጋጋሚ እየተንቀጠቀጠ የአዋሽ ፈንታሌን ሰው ከቤቱ አፈናቀለ። የወትሮውን የምድር ጉዞ፣ በዓመት ሚሊ ሜትር የሚቆጠረውን፣ የሚለኩት ዓለት ላይ የተተከሉ ውድ ተቀባዮች ናቸው፤ የእጅ ጂፒኤስ አይችለውም። የዳባሁን 8 ሜትር ግን ይህቺ ባለ ሁለት ድንጋይ መሣሪያም ባየችው ነበር።

እኔ ባሕር የገባውን ጉድጓድ ያወጣሁት ያኔውኑ ማታ ነው። ኬብሉን ከቦርሳ አውጥቼ፣ መሣሪያውን ሰክቼ፣ ኤክሴሉን ዘጋሁት። ሃያ ሦስቱም ወጡ። ጎን ለጎን ሳያቸው በእጅ ከጻፍኳቸው ሃያ ሁለት «ትክክለኛ» ነጥቦች ውስጥ ሁለቱ ከእውነተኛ ቦታቸው ከኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነበር፤ ባሕር ስላልገቡ ብቻ ማንም አልጠረጠራቸውም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ነጥብ የምትልኩ ሰዎች፣ የጂፒኤክስ ፋይሉን ራሱን ላኩ። የግድ በወረቀት ከሆነ ከቁጥሮቹ አናት ላይ አዲንዳን ይሁን ደብልዩጂኤስ 84፣ ዞኑንና የተወሰደበትን ቀን ጻፉበት። አንዲት መስመር ናት።