የብረት ሽጉጥና የፕላስቲክ ሽጉጥ፤ በአሜሪካ ስላለው ክርክር

በአሜሪካ አገር የሽጉጥ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ፥ በተኩስ መለማመጃም ሆነ በመሣሪያ ሻጭ መደብር፥ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ሁለመናው ከብረት የተሠራው የቀድሞው ሽጉጥ ይበልጣል ወይስ ታችኛው አካሉ ከፕላስቲክ የተሠራው የአሁን ዘመን ሽጉጥ የሚለው ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የመሣሪያ ክርክር ብቻ ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ተቀላቅለውበት ይገኛሉ። አንደኛው፥ ሰውን ካልታሰበ ጥይት የሚጠብቀው የመሣሪያው ብልሃት ነው ወይስ የያዢው እጅ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ መሣሪያ ለልጅ የሚወረስ ቅርስ ነው ወይስ ሲያረጅ የሚለወጥ ዕቃ የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለቱን ስለማይለዩ፥ አንዱ ስለ መጀመሪያው ሲጠይቅ ሌላው ስለ ሁለተኛው ይመልስለታል። ክርክሩ ከአርባ ዓመት ገደማ ጀምሮ መቋጫ ያጣው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የብረቱ ወገን ስለ ብዙ ዓይነት ሽጉጥ ይናገር እንጂ በልቡ ያለው በአመዛኙ አንዱ ነው፤ እርሱም የአሜሪካ ጦር በማርች 29 ቀን 1911 የተቀበለውና በዚያው ዓመት ቁጥር የሚጠራው የኮልት ሽጉጥ ነው። ፈልሳፊው ጆን ብራውኒንግ በ1855 በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ ከጠመንጃ ሠሪ አባት ተወልዶ፥ በ1926 በቤልጅግ አገር በሊዬዥ አጠገብ በኤርስታል በሚገኘው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በሥራ ላይ ሳለ ሞተ። ይህ ፋብሪካ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ ከ1935ቱ የኢጣልያ ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ጦር የሞዜር ጠመንጃ ከዚያ ተገዝቶ ነበርና። የ1911ዱ ሽጉጥ ባዶውን 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ካዝናው ሰባት ጥይት ይይዛል፤ የጥይቱም ውፍረት ከአንድ ኢንች መቶኛ 45ቱ፥ ማለት 11.43 ሚሊ ሜትር ነው።

የዚህ ሽጉጥ መነሻ ራሱ የአሮጌና የአዲስ ክርክር እንደ ነበረ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የአሜሪካ ጦር በ1890ዎቹ ዓመታት በ1873 የተቀበለውን ባለ ስድስት ጎራሽ ወፍራም ሽጉጥ ወደ ጎን አድርጎ፥ ጥይቱ ቀጠን ያለ አዲስ ባለ ስድስት ጎራሽ ይዞ ነበር። በደቡብ ፊሊፒንስ ከሞሮ ተዋጊዎች ጋር በተደረገው ጦርነት ግን፥ ደጋግሞ የቆሰለው ሰው እንኳ መገስገሱን ስላላቆመ፥ የተጣለው አሮጌ ሽጉጥ ከግምጃ ቤት እየወጣ እንደገና ለወታደር ታደለ። በ1904 ጆን ቶምሰን የሚባል መኮንንና ሉዊ ላጋርድ የሚባል ሐኪም በቺካጎ የከብት ማረጃ በቁም ከብት ላይ፥ ደግሞም በሰው ሬሳ ላይ እየተኮሱ ሞከሩ፤ የጦሩ ሽጉጥ ጥይት ከ45 ማነስ የለበትም ብለውም ፈረዱ። (የምርመራው ዘዴ ዛሬ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ከማስደንገጥ አልፎ መርማሪዎቹን ባስከሰሰ ነበር።) እንግዲህ የዛሬው የብረት ወገን እንደ ጥንታዊ ሥርዓት የሚያከብረው ሽጉጥ፥ በጥይቱ ወደ አሮጌው የተመለሰ፥ በአሠራሩ ግን በዘመኑ ከሁሉ አዲስ የነበረ መሣሪያ ነው። ተሽከርካሪውን ባለ ስድስት ጎራሽ የለመዱት ሰዎች በጊዜው በራሱ የሚጎርሰውን ሽጉጥ አላመኑትም ነበር፤ ሲቆሽሽ ይነክሳል፥ ብልሃቱ በዝቷል ይሉ ነበር። ጥርጣሬው የረገበው 6,000 ጥይት አከታትሎ ተተኩሶበት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነክስ በመቅረቱ ነው።

የፕላስቲኩ ወገን አለቃ ደግሞ ግሎክ 17 ነው። ጋስተን ግሎክ (1929–2023) በቪየና አጠገብ በዶይች ቫግራም የሚሠራ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ነበረ፤ ለጦሩ ቢላዋ ያቀርብ ነበር እንጂ ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም ነበር። የኦስትሪያ ጦር አዲስ ሽጉጥ በፈለገ ጊዜ ከታወቁት ፋብሪካዎች ጋር ተወዳድሮ በ1982 ተመረጠለት። ሽጉጡ 17 ጥይት ይይዛል፤ ባዶውን ከ650 ግራም አይበልጥም። ፕላስቲክ የሚለው ስም ግን እውነቱን በግማሽ ብቻ የሚናገር ነው፤ አፈሙዙና ከላይ ሆኖ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ክፍል ብረት ነውና። ደግሞም የመጀመሪያው አይደለም፤ የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮክ በ1970 ታችኛው አካሉ ፕላስቲክ የሆነ ሽጉጥ አውጥቶ ነበር። ቢሆንም ግሎክ አሜሪካ በገባ ጊዜ በአውሮፕላን ጣቢያ መፈተሻ አይታይም የሚል ወሬ ተነሣ። በ1988 የወጣው ሕግ አንድ መሣሪያ ቢያንስ 105 ግራም ያህል ብረት ሊኖረው እንደሚገባ ሲወስን፥ ግሎክ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ብረት ስላለበት አንድም ነገር አልተለወጠበትም። የተረፈው ስድቡ ነው፤ አሜሪካውያን በቤታቸው የተረፈ ምግብ በሚያስቀምጡበት የፕላስቲክ ዕቃ ስም የጦር ሜዳ ተፐርዌር ብለው ሰየሙት። የብረቱ ወገን በበኩሉ የሽጉጡን ክብር በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል፤ ሁለት የዓለም ጦርነት።

ነፍስ ያለበት ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። የ1911ዱን ሽጉጥ የለመደ ሰው የሚይዘው ጥይት አቀባብሎ፥ መዶሻውን ወደ ኋላ አስነሥቶ፥ በአውራ ጣት የሚገፋውን መቆለፊያ ወደ ላይ መልሶ ነው። ከእጀታው ጀርባም መዳፍ ካልጨበጠው ምላጩን የማያስኬድ ሌላ መቆለፊያ አለ። ያላወቀ ተመልካች የተነሣውን መዶሻ ሲያይ ይደነግጣል፤ ያወቀው ግን ሽጉጡ በምን ሁኔታ እንዳለ በዓይኑ ስለሚያነበው ይረጋጋል። ለመተኮስ አስቀድሞ መቆለፊያውን በአውራ ጣት ማውረድ ያስፈልጋል፤ ይህም በብዙ ልምምድ የሚገኝ የእጅ ዕውቀት ነው፤ በድንጋጤ የረሳው ሰው የተቆለፈ ምላጭ ሲስብ ይሞታል።

ግሎክ ይህን ሁሉ አስወገደ። የሚታይ መዶሻ የለውም፥ በአውራ ጣት የሚወርድ መቆለፊያም የለውም። ሦስት መጠበቂያዎች በውስጡ አሉት፤ ቢወድቅ አይተኩስም። እነዚህ ሁሉ የሚከፈቱት ግን በአንድ ነገር ብቻ፥ ምላጩን በመሳብ ነው፤ የምላጩም ክብደት 2.5 ኪሎ ያህል ነው። የአዲሱ ወገን ክርክር፥ የደነገጠ ሰው ምንም ነገር እንዲያስታውስ አይገደድም የሚል ነው። የብረቱ ወገን መልስ፥ የደነገጠ ሰው ጣቱን ከማይገባው ቦታ ያሳርፋል የሚል ነው።

ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ሁለተኛው በደም የተጻፈ ማስረጃ አለው። የዋሽንግተን ከተማ ፖሊስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ግሎክን ያዘ። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በ1998 እንዳተተው፥ በዐሥር ዓመት ውስጥ ሳይታሰብ የተተኮሰው ከ120 ጊዜ ይበልጣል፤ ጋዜጣው ጥፋቱን በብዙ ከልምምድ ማነስ ጋር አያይዞታል። በዚህ ላይ ግሎክ ለጽዳት ከመፈታቱ በፊት ምላጩ መሳብ አለበት፤ በአፈሙዙ ጥይት መቅረቱን የረሳ ሰው በገዛ መዳፉ ላይ ይተኩሳል። የ1911ዱ ሽጉጥ ሲፈታ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ለኒው ዮርክ ፖሊሶች ምላጩን የሚያከብድ ጠንካራ ምንጭ የተሠራው ከዚሁ ሥጋት የተነሣ ነው።

ዳሩ ግን ከዚህ የብረት ብልጫ አይወጣም። መቆለፊያ በፕላስቲክም ላይ ይገጠማልና። የአሜሪካ ጦር በ2017 የመረጠው የሲግ ሽጉጥ ታችኛው አካሉ ፕላስቲክ ሲሆን የአውራ ጣት መቆለፊያ አለው። በአንጻሩ፥ ሁለመናው ብረት የነበረው የድሮው ባለ ስድስት ጎራሽ ብዙውን ጊዜ መቆለፊያ አልነበረውም። እንግዲህ የብረቱ ወገን ያነሣው ቁም ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ፥ በብረት ስም መነሣቱ ግን ስሕተት ነው።

ስለ ጥይቱ ውፍረትና ብዛት የሚባለው ብዙ ቢሆንም የሚያስቆም አይደለም። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1986 በማያሚ ሁለት መርማሪዎቹ ሞተው አምስቱ ከቆሰሉ በኋላ ከ9 ሚሊ ሜትር ወደ ወፍራም ጥይት ሄደ፤ የጥይት አሠራር ከተሻሻለ በኋላ ደግሞ በ2010ዎቹ ዓመታት ወደ 9 ተመለሰ። ከባድ ብረት ሲተኮስ እጅን የሚገፋው በልክ ነው፤ ቀላሉ ግን ቀኑን ሙሉ ወገብ አያጎብጥም።

የቀረው የቅርስ ጥያቄ ነው፤ ለማኅበረሰብ ጥናትም ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው። የ1911ን ሽጉጥ በሞረድ እየሳለ፥ ክፍሉን ከክፍሉ በእጁ እያስማማ፥ እጀታውን በዎልነት እንጨት እያለበሰ የሚኖር ባለ እጅ በአሜሪካ ዛሬም አለ። የብረቱ ሰማያዊ ቀለም በማኅደሩ ጠርዝ ሲላጥ ባለቤቱ አያዝንም፤ መላጡ ሽጉጡ የኖረውን ዘመን ይመሰክርለታልና። መንግሥት ለጦሩ ያሠራው ግን 2.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ብርቅ የሆነው በቁጥሩ ሳይሆን በአባት ወይም በአያት መያዙ ነው። በ2018 የጦሩ ትርፍ ሽጉጦች ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምሩ ፈላጊው ከሽጉጡ ስለ በለጠ ተራው በዕጣ ሆነ፤ ገዢዎቹ በዚያው ገንዘብ ከመደብር አዲስ ሽጉጥ መግዛት ይችሉ ነበር።

ይህ ስሜት ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም። ውጅግራ የሚለው ስም የፈረንሳዮች የ1874 ጠመንጃ ከሆነው ከፊዚ ግራ፥ ለበንም ከለቤል የመጣ ነው፤ ከእነርሱ የተሻለ ጠመንጃ አገር ከሞላ በኋላም ስማቸው ከቀረርቶና ከፉከራ አልወጣም። ልዩነቱ ይህ ነው። በኢትዮጵያ ጠመንጃ ብርቅ በነበረበት ዘመን ያስከበረው መገኘቱ ነበር፤ በአሜሪካ ግን ሽጉጥ በየሱቁ ስለሚገኝ፥ የሚያስከብረው ከማን እጅ መምጣቱ ነው። የግሎክ ወገን በዚህ አይቀናም፤ ላብ አያዝገውም፥ ክፍሉ ሲሰበር ሌላው ያለ ሞረድ ይገባል፥ ቢጠፋ ልክ እርሱን የመሰለ ይገዛል ይላል። ለሥራ መሣሪያ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚታይ አንድ ነገር አለ። በ1980ዎቹ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ግሎኮች፥ እጀታቸው ከኋለኞቹ ይልቅ ልስልስ ያለው፥ በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆነዋል። ገዢዎቹ የተሠሩበትን ዓመት ከቁጥራቸው እየለዩ፥ የኦሪጅናል ሣጥናቸውን እየጠየቁ፥ በኋለኞቹ ላይ የተጨመረውን የጣት መያዣ እየነቀፉ ይነጋገራሉ፤ የድሮው ይሻል ነበር የሚሉትም ስለ ፕላስቲክ ነው።