ስላይዱ ላይ የማይገኙት

ከነቀምት ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ኡኬ ሲደርስ ደጋው ያልቅና የአንገር ቆላ ይጀምራል። ከክረምት ማግስት የላቦራቶሪያችን ሥራ በአብዛኛው ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ትልቁ ድርሻ የኦሮሚያ ነበር።

በጊምዛ ማቅለሚያ የቀለመውን የደም ስላይድ ሳይ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ፓራሳይት ዕድሜውን አይደብቅም፤ ለጋውም፣ ያደገውም፣ ሊፈነዳ የደረሰውም አብረው ይታያሉ። ሌላው ዓይነት፣ ፋልሲፓረም፣ ግን ብዙ ጊዜ ቀለበት የሚመስሉትን ለጋዎች ብቻ ያሳየኛል። ያደጉት የት ሄዱ? የተሸከሟቸው ቀይ የደም ሴሎች፣ ጨጎጊት ልብስ እንደሚይዝ፣ የጠባብ ደም ሥሮችን ግድግዳ ይዘው ቀርተዋል። ተንሳፍፈው ቢሄዱ ጣፊያ ያጣራቸው ነበር። የጣት ጠብታ ደግሞ የሚንሳፈፈውን እንጂ የተጣበቀውን አያመጣም።

በነፍሰ ጡር ላይ መያዣው ስኳር ነው። ሻይ ውስጥ የሚገባው፣ ፊንጫአ የሚመረተው ዓይነት ግን አይደለም፤ የእንግዴ ልጅን ሴሎች የሚያለብስ፣ ኮንድሮይቲን ሰልፌት ኤ የሚባል ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ስኳሮች እየተፈራረቁ የሚሠሩት ሲሆን፣ ግሉኩሮኒክ አሲድና ኤን-አሴቲል ጋላክቶሳሚን ይባላሉ። ፓራሳይቱ ቫር2ሲኤስኤ የተባለ ፕሮቲን በቀይ ሴሉ ገጽ ላይ አውጥቶ ይህን ሰንሰለት ይይዛል። ሰልፌቱ የጋላክቶሳሚኑ አራተኛ ካርበን ላይ ካለ ይይዘዋል፤ ስድስተኛው ላይ ከሆነ አይይዘውም። የሁለት ካርበን ልዩነት ብቻ! ፓራሳይቱ በዚህ ሰንሰለት መጣበቁን ሚካል ፍሪድና ፓትሪክ ደፊ ከኬንያ በተገኙ የእንግዴ ልጆች ላይ አይተው በ1996 (እ.ኤ.አ.) አሳትመውታል።

ያው ኤን-አሴቲል ጋላክቶሳሚን የደም ዓይነት ስመረምርም ይገጥመኛል። ሰማያዊው አንቲ-ኤ ጠብታ ደሙን ሲያጓጉል የሚይዘው የኤ ደም ሴሎች ጫፍ ላይ ያለውን ይህንኑ ስኳር ነው። የቢ ደም ጫፍ ጋላክቶስ ነው፤ ልዩነታቸው ሁለተኛው ካርበን ላይ ያለው ቡድን ብቻ ቢሆንም ጠብታው ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል አይሳሳትም። ኬሚስትሪን በቃል ሸምድደው ለሚያልፉ ተማሪዎች ይህን ባሳያቸው ደስ ይለኛል።

ቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ የምትሠራው ሲስተር ግን ካርበን አያስጨንቃትም። «ስላይዱ ንጹሕ ነው ትላለህ፤ ልጅቷ ግን ነጭ ሆናለች» ትለኛለች። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች እናት እንግዴ ልጇ ላይ ለሚጣበቀው ፓራሳይት ገና ፀረ እንግዳ አካል የላትም፤ በቀጣይ እርግዝናዎች ይገነባል። ፈጣኑ መመርመሪያ ፓራሳይቱ ደም ውስጥ የሚረጨውን፣ እንደ ኤችአርፒ2 ያለ ፕሮቲን ስለሚፈልግ አንዳንዴ ከማይክሮስኮፕ ይሻላል፤ ሆኖም ኤችአርፒ2 የጎደላቸው ፓራሳይቶች በኢትዮጵያ ስለተገኙ በዚያ ፕሮቲን ብቻ አልተማመንም። ስለዚህ በቅጹ ላይ «አልታየም» ብዬ እጽፍና፣ ደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር ከሆነች «ይደገም» እጨምርበታለሁ።